«ላይኛው ጁራሲክ» ነው ወይስ «ኋለኛው ጁራሲክ»?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ውስጥ የሳይንስ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ ሙገር ሸለቆ ካሉ ዘመዶቹ ጥምዝምዝ ቅርጽ ያለበት የኖራ ድንጋይ ይዞ መጣ። ቅርጹ አሞናይት የሚባል፣ ድሮ የጠፋ የባሕር እንስሳ ቅሪት ነው ብለናል። ከሥዕል ጋር ግድግዳ ላይ ልናስቀምጠው ስንል በጽሑፉ ተከራከርን። እኔ «አሞናይት በላይኛው ጁራሲክ ይኖር ነበር፤ የድንጋዩንም ዕድሜ ይነግረናል» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ባልደረባዬ «ኋለኛው ጁራሲክ በል» አለችኝ። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ «ኋለኛው ካልከው ልጆቹ የጥንቱ ይመስላቸዋል» ብሎ ጭራሽ ግራ አጋባን። የቱን እንጻፍ? «ዕድሜ» ማለቴስ ያስኬዳል?

መልስ፦ መምህር፣ በዚህ ዓረፍተ ነገር ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «ላይኛው»ም አይጣልም፤ ቦታው ግን ሌላ ነው።

ጁራሲክ በምድር ታሪክ ውስጥ በግምት ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረው ዘመን ነው። የጂኦሎጂ ሰዎች ሁለት ዓይነት ስም ይዘው ነው የሚሠሩት። አንዱ የድንጋዩ ነው፣ አንዱ የጊዜው። ድንጋይ አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚነባበር ታችኛው፣ መካከለኛው፣ ላይኛው ይባላል። ጊዜ ግን ይቀድማል ወይ ይከተላል እንጂ ላይና ታች የለውም። ስለዚህ ቀዳሚው፣ መካከለኛው፣ ኋለኛው ይባላል። እንስሳ የሚኖረው በጊዜ ውስጥ ነው። የሚገኘው ግን ድንጋይ ውስጥ ነው። እንግዲህ እንዲህ ይጻፉት፦ «አሞናይቱ በኋለኛው ጁራሲክ ኖረ፤ ቅሪቱ በላይኛው ጁራሲክ ንብርብር ውስጥ ተገኘ።» ሁለቱም ቃል ሥራ አገኘ። ከጁራሲክ ቀጥሎ ለመጣው ዘመን፣ ለክሬታሺየስም ያው ነው፤ ብቻ እሱ መካከለኛ የለውም፣ ለሁለት ነው የሚከፈለው።

መጽሐፎቹ ራሳቸው ለምን ያምታታሉ ቢሉ፣ ስሞቹ መጀመሪያ የድንጋይ ስለነበሩ ነው። ጁራ በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ያለ ተራራ ነው። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የዚያን ተራራ የኖራ ድንጋይ በተራራው ስም ጠራው። የድንጋዩ ስም ቆይቶ የዘመን ስም ሆነ። ክሬታሺየስም ጠመኔ ከሚለው የላቲን ቃል ነው የመጣው።

አሁን ወደ ጓደኛችሁ ሥጋት እንምጣ። ሰውየው የነካው ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛ ውስጥ «ኋላ» እንደ አጠቃቀሙ ወዲያም ወዲህም ይሄዳል። «ወደ ኋላ ተመልሰን ብናይ» ስንል ያለፈውን ነው። «ኋላ እንገናኝ» ስንል ገና የሚመጣውን ነው። «150 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ» እና «ከ150 ሚሊዮን ዓመት በኋላ» አንድ ቃል ይዘው ተቃራኒ ይናገራሉ። «ፊት»ም ከዚህ አይሻልም፦ «በፊት» ያለፈ ነው፣ «ወደፊት» ያልመጣ። እኛ ለምደነው አናስተውለውም እንጂ አማርኛ ለሚማር የውጭ ሰው ይሄ ራስ ምታት ነው።

ነገር ግን «ኛ» ስትጨመርበት ነገሩ ይጠራል። «ፊተኛ» የቀደመው ነው፣ «ኋለኛ» የተከተለው ነው። ሰልፍ ላይ ኋለኛው ሰው ማለት ዘግይቶ የመጣው ነው። «የኋለኛው ይባስ» ሲባልም የመጀመሪያውን ማንም አያስብም። ስለዚህ «ኋለኛው ጁራሲክ» የዘመኑ የመጨረሻ ክፍል ነው፤ ለእኛ የሚቀርበው ማለት ነው። በግምት ከ160 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ነው። ልጆች እንዳይሳሳቱ ቁጥሩን አንዴ ከጎኑ ጻፉት። «የመጨረሻው ጁራሲክ» የሚል ጽሑፍም አይቻለሁ፤ አልወደውም። ብዙ ጁራሲኮች እንደነበሩ ያስመስላል።

እናንተ ደግሞ ይህን በዓይን ለማሳየት የታደላችሁ ናችሁ። የጎጃም መንገድ በራችሁ ላይ ነው የሚያልፈው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት ከእሳተ ገሞራ የወጣውን ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀጥሎ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፣ ከዚያ ባሕር ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር። ወደ ታች ስትቀርቡ ሌላ አሸዋ ድንጋይ አለ። መኪናው ወደፊት ይሄዳል፤ እናንተ በዘመን ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። የኖራ ድንጋዩ በሰፊው የጁራሲክ ነው፤ ሙገርና ደርባ ላይ ለሲሚንቶ የሚቆፈረውም የዚሁ ወገን ነው። አሞናይት የሚፈለገው እንግዲህ እዚያ ነው። እንጦጦ ላይ ግን አይልፉ። የእንጦጦ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ አሞናይቶች ከጠፉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ የተፈጠረ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። «ላይኛው» የሚባለው ድንጋይ ሁልጊዜ ላይ ነው? አይደለም። እንደ አልፕስ ያሉ ተራሮች የተሠሩት ምድር ተገፍቶ፣ ተጣጥፎ፣ አንዱ ካንዱ በላይ ተንሸራቶ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግላሩስ በሚባለው አካባቢ ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ የኖረ ድንጋይ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በታች በሆነው ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። እንዲህ ባለ ተራራ «ላይኛው ጁራሲክ ከታችኛው በታች ተገኘ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያነቡ ጸሐፊው ሰክሮ አይደለም። «ላይኛው» እዚያ አቅጣጫ መሆኑ ቀርቶ ስም ሆኗል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጎንደሩ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» መነሻቸው የቦታ ስም ነበር፤ ኋላ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ትርጓሜ ስልት መለያ ሆኑ። የላይ ቤት መምህር ቆላ ወርዶ ቢያስተምር «ታች ቤት ሆነ» የሚል የለም።

ታዲያ የተገለበጠውን ድንጋይ «ይሄ ላይኛው ነው» ብሎ የሚለየው ምንድን ነው? አሞናይቱ ነዋ።

አሞናይት የስኩዊድና የኦክቶፐስ ዘመድ ነው። በተጠመዘዘ ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነበር። ስሙ የበግ ቀንድ ካለው ከግብጹ አምላክ ከአሞን የመጣ ነው፤ ቅርጹን ላየ ይገባዋል። ሦስት ነገሮች ለዘመን መለያ አመቹት። ብዙ ነበር። በባሕር ስለሚንቀሳቀስ ሩቅ አገር ድረስ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝርያው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ነበር። አንድ ሰው «በዘመነ ሉቃስ ተወለድኩ» ቢልዎ «በየትኛው ሉቃስ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም፤ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳልና። የአሞናይት ዝርያ ግን አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ስለዚህ አንድ ዝርያ እንግሊዝ ውስጥም ጀርመን ውስጥም ከተገኘ ሁለቱ ንብርብሮች እኩያ ናቸው። ጀርመናዊው አልበርት ኦፔል እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1858 ባወጣው ሥራው ጁራሲክን በዚህ መንገድ በቀጫጭኑ ሸነሸነው። ዛሬም የጁራሲክ መጀመሪያ የሚታወቀው ኦስትሪያ ውስጥ፣ አልፕስ ላይ ባለ አንድ የአለት ገጽ ነው፤ ምልክቱም ፕሲሎሴራስ የሚባል የአሞናይት ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ንብርብር ነው። ይህ በይፋ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። የሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕርና የደቡቡ ሞቃት ባሕር አሞናይቶች የተለያዩ ስለነበሩ፣ ሁለቱን ማናበብ ሳይንቲስቶቹን ብዙ አጨቃጭቋል። ወንዝ ያስቀመጠው አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ አሞናይት አይጠበቅም።

አሁን «ዕድሜ» ወደሚለው። በቃል ሲያወሩ ችግር የለውም፤ ማንም ይረዳዎታል። ግድግዳ ላይ ግን «ዘመን» ይበሉ። ሁለቱን የሚለየው ጥያቄያቸው ነው፦ ዕድሜ «ስንት ነው?» ይባላል፣ ዘመን «የትኛው ነው?» ይባላል። «ዘመኑ ስንት ነው?» ብትሉ ጆሮ ይጎረብጣል። አሞናይት የሚመልሰው «የትኛው?» የሚለውን ነው። ከዚህኛው ይቀድማል፣ ከዚያኛው ይከተላል ይላል እንጂ ቁጥር አያውቅም። ቁጥሩ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በንብርብሮቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ሲገኝ፣ በአመዱ ውስጥ ባሉ ዚርኮን የሚባሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ዩራኒየም ምን ያህል ወደ እርሳስ እንደተለወጠ ይለካል። ጁራሲክ የዛሬ 201 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀመረ የምንለው በዚህ ነው። አንደኛው ዘመኑን ይሰይማል፣ ሌላኛው ዕድሜውን ይቆጥራል።

«ዘመነ ጁራሲክ» ይባላል ወይ ብለው ባይጠይቁኝም፣ ይባላል። «ዘመነ ማርቆስ» እስካልን ድረስ በሰዋስው የሚከለክለው የለም። ለልጆች ግን «የጁራሲክ ዘመን» ይቀላል። አደራ የምለው ሌላ ነው፦ «ቅሪተ አካላቶች» ብላችሁ እንዳትጽፉ። «አካላት» ራሱ ብዙ ነው። «ቅሪተ አካላት» ወይም «ቅሪተ አካሎች» በቂ ነው። ይህ ስሕተት ቴሌቪዥን ላይ ሳይቀር ሰልችቶኛል።

ከመለጠፋችሁ በፊት ድንጋዩን አንዴ አገላብጣችሁ እዩት። ጥምዝምዝ የሆነ ሁሉ አሞናይት አይደለም። ጠመዝማዛው ጠፍጣፋ ከሆነና ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ከሆነ ደኅና ነው። የላዩ ቅርፊት የተገፈፈ ከሆነ ደግሞ እነዚያ ግድግዳዎች ከዛጎሉ ጋር የተገናኙበት መስመር እንደ ቅጠል ጠርዝ ተበጣጥሶ ይታያል። ጥሩ አሞናይት ላይ ይህ መስመር እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ዝርያ ከዝርያ ለመለየትም ያገለግላል። ጠመዝማዛው ወደ አንድ ጎን ሾጥጦ ከወጣና ክፍልፍል ከሌለው ግን የቀንድ አውጣ ወገን መሆኑ አይቀርም። ያኔ ጽሑፉም ሥዕሉም ይቀየራል።