«አልፈልግም» እያልኩ መደወላቸውን አላቆሙም

ጥያቄ

ሰላም አዘጋጆች። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ቴሌግራም ላይ በወጣ ማስታወቂያ ሲቪዬን ልኬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢንሹራንስ የሚያሻሽጥ አንድ ድርጅት መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። «ለፋይናንስ አማካሪነት ተመርጠሃል፣ ባሕር ዳር ለስልጠና ና» ይሉኛል። እኔ እነሱ ጋ አላመለከትኩም። ደሞዙን ስጠይቅ «እንደ ጥረትህ ነው» ብቻ። አስብበታለሁ አልኩ፣ በነጋታው ደወሉ። እናቴን አሟታል አልኩ፣ በሳምንቱ «እማማ ተሻላቸው?» ብለው ደወሉ። አልፈልግም ብልም ቁጥር ይቀያይራሉ። እንዳላነሳ ደግሞ የእውነት ቀጣሪ ቢሆንስ? አጎቴ «ሥራ ንቀህ ነው» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ

ወንድሜ፣ ሥራ አልናቅክም። ያላመለከትክበትን ሥራ እንቢ ማለት መብትህ ነው።

«እማማ ተሻላቸው?» የሚለው ጋ ስደርስ በጣም ነው የተናደድኩት። ምክንያት በሰጠሃቸው ቁጥር ከስምህ ጎን እየጻፉት ነው ማለት ነው። «አስብበታለሁ» ስትል ነገ ይደወላል፤ እናቴን አሟታል ስትል እስኪሻላቸው ይጠበቃል። ስለዚህ ምክንያት አትስጥ። እኛ ጎጃሞች ሰው ማሳፈር ይከብደናል፣ ይሉኝታ ይይዘናል፣ ደዋዩም እንዳንተው ሥራ ፈልጎ የገባ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ግን ቁርጡን ቢሰማ ለእሱም ይሻለዋል። በጨዋ ደንብ እንዲህ በለው፦ «ወንድሜ፣ ሥራውን አልፈልገውም። ቁጥሬን ከዝርዝራችሁ አውጡልኝ። ከእንግዲህ እንዳትደውሉ።» «ለምን?» ካለህ ያንኑ ድገምለትና ዝጋው። ከዚያ ያንኑ ቃል በጽሑፍ መልእክት ላክለት፣ ማስረጃ ይሆንሃል። ቁጥሩንም ብሎክ አድርገው። በሌላ ቁጥር ከመጡ የደወሉበትን ቀንና ቁጥር መዝግብ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ስልክ ቁጥርህም የግል መረጃህ ነው፤ ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። «ቁጥሬን ከየት አገኛችሁት?» ብለህ መጠየቅም አትፍራ።

የማታውቀውን ቁጥር ግን አንሳ። ሥራ ፈላጊ ስልክ ዘግቶ አይሆንለትም። ገና ወሬው ሳይረዝም «የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡንና ደሞዙን በጽሑፍ ላኩልኝ» በል። የእውነት ቀጣሪ ይህን ለመላክ አይቸገርም። ቀጥለህ «የሥራ ውል ነው ወይስ የወኪልነት?» በል። ይቺ ጥያቄ ብዙ ነገር ታጠራለች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚተዳደር ቅጥር ከሆነ በዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለህ፣ ለጡረታህም አንተ 7 በመቶ አሠሪህ 11 በመቶ ታዋጣላችሁ። ከሸጥከው ላይ ብቻ የሚከፈልህ የኮሚሽን ወኪል ከሆንክ ግን ይህ የለም። ሳትሸጥ የዋልክበት ቀን ትራንስፖርቱም የስልክ ካርዱም ከኪስህ ነው። «እንደ ጥረትህ» ያሉህ ይህንኑ ነው።

ወኪልነት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ሰው ማግባባት የሚችል፣ ወዶ የገባበት ሰው ጥሩ ይኖርበታል። ፈቃድ የሚሰጠውም ብሔራዊ ባንክ ነው፣ ስለዚህ ፈቃድ ከሌለው ወኪል ጋር ምንም አትፈራረም። ስልጠና ብለው መመዝገቢያ ገንዘብ ካስከፈሉህ፣ በተለይ «ሁለት ሰው ካመጣህ ይከፈልሃል» ካሉህ ደግሞ ወዲያው ውጣ። እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ አዋጅ 813/2006 ከልክሎታል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ለማን ይሸጣል? ለአክስቱ፣ ለአስተማሪው፣ ለእናቱ የእድር ጓደኞች። «የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም ጻፉ» ተብሎ ወረቀት የሚታደልበት ስልጠና አለ። ብዙዎቹ ዘመዶች ውሉን ሳያነቡ ላንተ ሲሉ ይፈርማሉ። ከዚያ ቁጠባ ያለው የሕይወት ኢንሹራንስ ይሆንና በዓመቱ ገንዘብ ሲቸግራቸው ያቋርጡታል፤ ገና በጊዜ የተቋረጠ ውል ደግሞ የከፈሉትን ያህል አይመልስም። ያኔ ድርጅቱን ማን ያውቀዋል? ቡና ላይ የሚነሳው ያንተ ስም ነው። ኮሚሽኑን በልተህ ትጨርሰዋለህ፣ ቅሬታው ግን ለዓመታት ይከተልሃል።

ለአጎትህም ይህንኑ ንገራቸው፣ ስልክ ላይ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ። «ጋሼ፣ ወር ጠብቆ የሚከፈል ደሞዝ የለውም፣ መጀመሪያ ልሸጥ የምመጣውም እርስዎ ጋ ነው» በላቸው። አካውንታንት ለማግኘት ሰው የሚያጠያይቁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ወፍጮ ቤቶችና ጅምላ አከፋፋዮች ያውቁ እንደሆነም ጠይቃቸው። የሚያውቁት ሰው ካለ ሲቪህን እጃቸው ላይ ስጣቸው።