«ቆንጆ ነው» ይሉኛል፤ ማንም ግን አይጨርሰውም

በዚህ ወር ከጎንደርና ከአካባቢዋ የመጡት ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ ልብወለድ አጻጻፍ ናቸው። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ ለእነሱ ለቅቄዋለሁ። ረዣዥሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያለሁ። ስማችሁን አላወጣሁም፤ ሰፈራችሁን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፣ ከማራኪ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አጫጭር ልብወለዶች እጽፋለሁ። ለጓደኞቼ ስልክላቸው «ቆንጆ ነው» ይሉኛል፤ ቆይቼ ስጠይቃቸው ግን አንዳቸውም እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። ችግሩ ምን ይሆን? የአንዱን መጀመሪያ ልኬልሃለሁ፦

«ውብ በሆነችው የጎንደር ከተማ፣ የፋሲል ግንብ በግርማ ሞገስ ቆሞ ዘመናትን በሚታዘብበት ምሽት፣ ጨረቃ እንደ ሙሽራ ፈክታ ሳለ፣ ሰላማዊት ልቧ በሐዘን ተሰብሮ በትዝታ ባሕር ውስጥ ሰጥማ ነበር።»

መልስ

ወንድሜ፣ አማርኛህ ደህና ነው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሳይበጠስብህ ይዘህ መሄድ ትችላለህ፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይህን አንቀጽ ማንም ሰው ሊጽፈው ይችላል። ግንቡ ግርማ ሞገስ አለው፣ ጨረቃዋ ሙሽራ ናት፣ ልብ ይሰበራል፣ ትዝታ ባሕር ይሆናል። አንባቢህ እነዚህን ካንተ በፊት ብዙ ጊዜ አግኝቷቸዋል፤ ስለዚህ ዓይኑ ሳይቆም ያልፋቸዋል። ሰላማዊት ምን እንደሆነች ግን እስካሁን አላውቅም። ማን ሄደባት? ዛሬ ምን ሠርታ ዋለች? እጇ ላይ ምን አለ? ያንን አንተም ገና የወሰንከው አልመሰለኝም፣ ብትወስን ኖሮ ጨረቃዋን ትተህ እሱን ትነግረኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ግንቡን ቆሞ አያየውም። በአጥሩ ሥር ወደ ሥራው ያልፋል፣ ዝናብ ከመጣ ይጠለልበታል፣ ቀጠሮ ይሰጥበታል። ግንቡን የሚያደንቀው እንግዳ ነው። ሰላማዊት የከተማው ልጅ ከሆነች በእሷ ዓይን እየው እንጂ በአስጎብኚ ዓይን አትየው።

እስቲ ያንኑ ሐዘን በሌላ መንገድ እንሞክረው። ታሪኩ ያንተ ነው፤ እኔ የምጽፈው ለማሳየት ብቻ ነው።

«ከጥምቀት በፊት ባለው ቅዳሜ ሰላማዊት አራዳ ገብታ ቀብድ የተከፈለበትን የወንድ ልብስ ልትወስድ ሄደች። ልብስ ሰፊው እጅጌውን ዘርግቶ አሳያት። ‹መጥቶ ይለካው እንጂ እታለም፤ ከረዘመ አሳጥርለታለሁ።› ‹ልክ ነው› አለችው፣ ልብሱን ሳታየው። ቀሪውን ብር ሁለት ጊዜ ቆጥራ ሰጠችው።»

ጨረቃ የለም። «አዘነች» የሚል ቃል የለም። ግን አንባቢው ወዲያው ይጠይቃል፦ ሰውየው የት አለ? ለማይመጣ ሰው ልብስ የምትረከበው ለምንድን ነው? ገጹን የሚያስገልጠው ይሄ ጥያቄ ነው። ልብሱን ሳታየው «ልክ ነው» ማለቷ፣ ብሩን ደግማ መቁጠሯ፣ ውስጧ ምን እንደሆነ ይናገራል። ልብስ ሰፊው ምንም አያውቅም፤ ደግነቱ ራሱ ነው የሚያቆስላት። ጎንደርም አለች፤ በጥምቀቱ ልብስ፣ በአራዳው፣ «እታለም» በሚለው አጠራር።

ይሄ ዓይነት ጽሑፍ የሚመጣው ከጆሮ ነው። ሰው ሲነጋገር የተጠየቀውን ቀጥታ አይመልስም። እናት «በላህ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ልጅ «አሁን እኮ ነው የገባሁት» ይላል። «አልበላሁም» ያለ የለም፤ እናትየው ግን ተነሥታ ሞሰቡን ትከፍታለች። ባጃጅ ውስጥ፣ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ እንዲህ ያለ ንግግር ሞልቷል። ማታ ስትገባ ከሰማኸው ሁለት ሦስቱን እንዳለ ጻፈው፣ ሳታሳምረው። ከቆይታ በኋላ ገጸ ባሕርያትህ እንደ መግለጫ መናገራቸውን ይተዋሉ።

የጻፍከውንም ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር የተከታተለው ንግግሩ ለጆሮ ስለሚስማማም ነው። አንተም ስታነብ ምላስህ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። ትንፋሽ ያጠረህ ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ያፈርክበት ቦታ ደግሞ ውሸት አለ፤ እዚያ ላይ ቆይተህ እንደገና ጻፈው።

ጓደኞችህን «እንዴት ነው?» ብለህ አትጠይቅ። ስለሚወዱህ «ቆንጆ ነው» ከማለት ሌላ ምርጫ የላቸውም። «የቱ ጋ ስትደርስ አቆምክ?» በላቸው። የሚነግሩህን ቦታ ብቻ ያዝና ለምን እንደሆነ ራስህ ፈልግ፤ ሰው የሰለቸበትን ቦታ በትክክል ያውቃል፣ ምክንያቱን ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ጥያቄ፣ ከአዘዞ

አስተማሪ ነኝ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተሬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። «በየቀኑ ካልጻፍሽ ደራሲ አትሆኚም» ይሉኛል። ልተወው?

መልስ

እህቴ፣ እንዳትተዪው። በየቀኑ መጻፍ የሚችል ሰው ይጻፍ፤ ግዴታ ግን አይደለም። ማሰቡንና መጻፉን ለይያቸው። ወጥ ስትሠሪ፣ ልብስ ስታጥቢ፣ ከአዘዞ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጪ አንድ ትዕይንት ብቻ በሐሳብሽ ያዢ። ሴትየዋ በሩን ስትከፍት ማን ቆሟል? መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነው? እያመላለስሽ አስቢበት። የመጣልሽን ንግግር በስልክሽ ቅጂው፤ ሹክ ብትዪውም ይሰማል። ቅዳሜ ወይ እሑድ አንድ ሰዓት ስታገኚ ባዶ ወረቀት ላይ ፈጥጠሽ አትቀመጪም፣ የምትጽፊውን ታውቂዋለሽ።

ስታቆሚ ደግሞ ትዕይንቱ ሲያልቅ አታቁሚ። መሐል ላይ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እያወቅሽ አቁሚ። በሚቀጥለው ሳምንት ለመጀመር ቀላል ይሆናል። ረጅሙን ልብወለድም ለጊዜው አቆዪው፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ ከሰዓት፣ በሁለት ሰዎች መካከል የሚያልቅ አጭር ታሪክ ሞክሪ። ጨርሶ ማየት ብዙ ያስተምራል። ተማሪዎችሽ ክፍል ውስጥ የሚነግሩሽን ምክንያት ደግሞ ጻፊው። ልጅ የቤት ሥራ ያልሠራበትን ምክንያት ሲያስረዳ ቤቱን በሙሉ ነው የሚነግርሽ።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ

በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የሚካሄድ ታሪካዊ ልብወለድ ጀምሬ ሦስት ምዕራፍ ያህል ጽፌያለሁ። በአንደኛው ምዕራፍ ወይዘሮዋ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቡና አፍልታ እንግዳ ትቀበላለች፤ ነጋዴውም ጠገራ ብር ይቆጥርላታል። ልጄ «አባዬ፣ ነገሩ እውነት አይመስልም» አለኝ። ምን ይጎድለዋል?

መልስ

ጋሼ፣ ልጅዎ ጥሩ አንባቢ ነው፤ አጠገብዎ ያቆዩት። ሦስቱም ነገሮች ዘመናቸው አልደረሰም። ዐፄ ፋሲል የነገሡት ከ1624 እስከ 1660 ሲሆን ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1628 ገደማ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ወይዘሮዋን ወይራ ወይም ዋርካ ሥር ያስቀምጧት። ቡናን ካህናቱ ለክርስቲያን አይገባም ይሉ ስለነበር፣ በሰሜን ክርስቲያን ቤት የተለመደው ያው በምኒልክ ዘመን ገደማ ነው። ጠጅ ያቅርቡ፣ ወይም ጠላ። ጠገራ ብር ደግሞ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው፤ እሷ የነገሠችው በፈረንጆች በ1740 ነው፣ ፋሲል ካረፉ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ። ነጋዴው አሞሌ ጨው ይቁጠር። አሞሌ ከብር የበለጠ ይረዳዎታል፤ ይከብዳል፣ በአህያና በበቅሎ ይጫናል፣ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል። ክረምት ሳይገባ ጭነቱን ማድረስ ያለበት ነጋዴ ሲጣደፍ አንድ ምዕራፍ ሊወጣዎት ይችላል።

ግቢውንም ይጠንቀቁ። ዛሬ በር ላይ ሆነን የምናያቸው ሕንፃዎች በአንድ ጊዜ አልተሠሩም። በእርስዎ ዘመን የፋሲል ግንብ አለ፤ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የምንትዋብ ገና አልተሠሩም። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተከሉት የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው። ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ነው፣ ከዚያም ይዘገያል። ፒያሳ ደግሞ የጣሊያን ሥራ ነው። ይሄን ሁሉ ከሐሳብዎ ሲያነሡት የምትቀረው ከተማ ገና የምትቆረቆር ናት፤ ድንጋይ የሚጠረብባት፣ ጭስ የሞላባት፣ መንገዷ ጭቃ የሆነ። ለልብወለድ ይህች ከተማ ካለቀችው ትበልጣለች።

እኔ እርስዎን ብሆን ከንጉሡ አጠገብ አልጀምርም። ግንቡ በድንጋይና በኖራ ነው የቆመው። ኖራ የሚያነድድ ሰው ይውሰዱ። ያልበረደ ኖራ ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል። ይህ ሰው እጁ የተላላጠ ነው፣ ሚስቱ ማታ ቅቤ ትቀባዋለች፣ ልጁ ሥራውን እንዲወርስ አይፈልግም። ንጉሡን በዓመት አንዴ ከሩቅ ያያቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲያገኙ ዘመኑን መግለጽ አያስፈልግዎትም፤ እሱ ሲሠራ ዘመኑ ይታያል።

ስለ ንግግሩ፦ በግዕዝ አያጭቁት፣ አንባቢ ይሸሻል። ግን «አምስት ደቂቃ ጠብቀኝ» የሚል ሰው እዚያ ዘመን የለም። «ከብት ሲገባ»፣ «ዶሮ ሲጮህ»፣ «ቅዳሴ ሲወጣ» ይላል። ማን ማንን አንቱ እንደሚል፣ ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንደሚናገር አስቀድመው ይወስኑ፤ ግማሹ የዘመኑ መልክ እዚያ ውስጥ ነው።

ለንባብ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ይያዙ። በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ የነበሩት ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንም ስለ አገሩ ብዙ ጽፈዋል፤ ፋሲል ያባረሯቸው ሰዎች መሆናቸውን ሳይረሱ ያንብቧቸው። ያነበቡትን ሁሉ ግን መጽሐፉ ውስጥ አይክተቱት። ኖራ አንዳጁ የማያውቀውን ነገር አንባቢም ባያውቀው ምንም አይጎዳም።

ጥያቄ፣ ከቆላ ድባ

ከተማችን ትንሽ ናት። የማውቃቸውን ሰዎች ካልጻፍኩ ጽሑፌ ይደርቃል፤ ከጻፍኳቸው ደግሞ ጎረቤቶቼ ራሳቸውን ያገኙበታል። አንዲት ጎረቤታችንን በተለይ በጣም ክፉ አድርጌ ጽፌያታለሁ።

መልስ

ሰውየውን ሳይሆን ድርጊቱን ውሰድ። ጎረቤትህ የሰው ዶሮ አሥራ ካዋለች፣ ያንን ለሌላ ሰው ስጠው፦ ለወንድ፣ ለወጣት፣ ለሌላ ከተማ ሰው። ይህን የምታደርገው ግን ጽፈህ ከጨረስክ በኋላ አይደለም፣ ከመጀመሪያው ነው። መጨረሻ ላይ ስም ብቻ ብትቀይር ሁሉም ያውቃታል። ከመጀመሪያው ከቀየርካት ገጸ ባሕርይዋ በራሷ መንገድ መሄድ ትጀምራለች፤ ጎረቤትህ በሕይወቷ አድርጋ የማታውቀውን ታደርጋለች፣ ያኔ እውነተኛ ገጸ ባሕርይ ይዘሃል።

በምሥጢር የተነገረህን ግን ተወው። ታሪክ ሌላ ይገኛል፤ ያመነህ ሰው ሲከዳ መመለሻ የለውም።

ክፋቷን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንህ። አንድ የምትችለውን ነገር ስጣት። እንጀራዋ የሰፈሩ አንደኛ ይሁን። ወይም ለቅሶ ሲሆን ቀድማ የምትደርሰው እሷ ትሁን። ሌሊት ሙሉ ድስት ስትጥድ አድራ ጠዋት ሰው ስታማ ብናያት፣ ክፋቷ ያኔ ያስፈራናል። ሁልጊዜ ክፉ የሆነ ሰው አያስፈራም፣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመን እናውቃለንና።

ጥያቄ፣ ከአራዳ

ሁሉንም ታሪኬን ዋናው ገጸ ባሕርይ ሞቶ ነው የምጨርሰው። ሌላ አጨራረስ አይመጣልኝም።

መልስ

ሞት የሚመጣልህ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ገና ስላልለየኸው ይመስለኛል። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስ። ምን ፈልጎ ነበር? ሥራ? ይቅርታ? ያቺን ልጅ? ያንን ነገር ያገኘበት፣ ወይም እንደማያገኘው የገባው ቦታ የት ነው? ታሪኩ የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው፣ ከሞቱ ብዙ ገጽ ቀድሞ።

ከዚያ የመጨረሻዋን አንቀጽ በወረቀት ሸፍነህ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አስነብበው። «ከዚያስ?» ካለህ አንቀጹ ያስፈልጋል። ካላለህ ሰርዘው። ሁለቱንም ጽፈህ ብትልክልኝ አነባቸዋለሁ።