ኀዘኑና ጉልበቱ አንድ ላይ ሲመጡ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ባይፖላር ነው ተብያለሁ፤ የኔ ግን ማኒያም ድብርትም አይመስልም። እያለቀስኩ ሐሳቤ ይሮጣል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ መቀመጥ አልችልም፣ ባልኖርስ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ምን ሆኜ ነው?» ብለሻል። እኔም ደርሶብኛል። የጻፍሽው ድብልቅ ሁኔታ ከሚባለው ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ባይፖላር ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት ሕመም ነው። ብዙ ሰው እንደ ዥዋዥዌ ነው የሚያስበው፤ አንዴ ላይ (ማኒያ፦ ጉልበት የሚበዛበት፣ ሐሳብ የሚሮጥበት)፣ አንዴ ታች (ድብርት)። ሁለቱ ባንድ ቀን፣ ባንድ ሰዓት ሊመጡ እንደሚችሉ ለኔም የነገረኝ አልነበረም። ነገሩ ግን የቆየ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን ከመቶ ዓመት በፊት ጽፎበታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ደግሞ፣ ድብርት ላይ ያለ ሰው ቢያንስ 3 የማኒያ ምልክት ሲታይበት፣ ወይም ማኒያ ላይ ያለ ሰው ቢያንስ 3 የድብርት ምልክት ሲታይበት «ድብልቅ» ይለዋል።

የኔን ልንገርሽ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልብስ አጥፋለሁ። አጥፌ እደረድራለሁ፣ መልሼ እዘረግፈዋለሁ፣ እንደገና አጥፋለሁ። እንባዬ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል፣ እጄ ግን አያርፍም። ወንድሜ ነቅቶ በሩ ላይ ቆመና «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። ጮህኩበት። በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም ነበር።

ሐኪም ጋ ስሄድ ለቅሶውን ብቻ አወራሁ። ሩጫው የበሽታው አካል መሆኑን አላወቅኩም፤ ጭንቀት መስሎኝ ነበር። ፀረ ድብርት መድኃኒት ብቻ ታዘዘልኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያቺ የቀረችኝ እንቅልፍም ጠፋች፣ ንዴቱ ባሰ። ባይፖላር ያለበት ሰው ፀረ ድብርት ለብቻው ሲወስድ እንዲህ ሊብስበት እንደሚችል ያወቅኩት በኋላ ነው። ከዚያ መድኃኒቱ ተቀይሮ ስሜት የሚያረጋጋ ተሰጠኝ፤ ቀስ በቀስ ተኛሁ።

አንቺ ግን ይህን አንብበሽ የምትወስጂውን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ አደራ። በተለይ ሊቲየም የሚባለው ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። መቀመጥ ያቃተሽ አዲስ መድኃኒት ከጀመርሽ ወይም መጠኑ ከተጨመረልሽ በኋላ ከሆነ ደግሞ፣ ያንን ለይተሽ ለሐኪምሽ ንገሪ። አንዳንድ መድኃኒት ራሱ እንዲህ ያቁነጠንጣል፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

እኔን የጠቀመኝ ደብተር ነው። በየማታው ሦስት ቁጥር እጽፋለሁ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስሜቴ ከ10 ስንት ነው፣ ጉልበቴ ከ10 ስንት ነው። ስሜቴ 2፣ ጉልበቴ 8፣ እንቅልፌ 3 ሰዓት ሆኖ ሳየው ቀጠሮዬን አልጠብቅም፤ እደውላለሁ። ሐኪሜም ወረቀቱን አንድ ጊዜ አይቶ ይገባዋል። ስታለቅሺ ሁለቱን አስተካክሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በከባድ ድብርት ሰው ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል። በድብልቅ ሁኔታ ግን ተስፋ መቁረጡ ከጉልበትና ከችኮላ ጋር ነው የሚመጣው። ራስን የማጥፋት አደጋው ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ስትንቀሳቀሺ አይቶ «ተሻላት» ይላል። አልተሻለሽም። ስለዚህ «ባልኖርስ» ያልሽውን እዚህ እንደጻፍሽው፣ በዚሁ ቃል፣ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ንገሪ። ብቻሽን አትደሪ። መድኃኒቶችሽን ሌላ ሰው ይያዝልሽ። ሐሳቡ ወደ ዕቅድ ከዞረ ወይም ራስሽን መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ዛሬ ማታ ማን አብሮሽ ያድራል? እሱን ጻፊልኝ፤ እየጠበቅኩ ነው።