ጥፍሩ ስንት ቀን ቆየ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ስላልመጣልኝ የጥፍር ሥራ ስልጠና ጀመርኩ። የ3 ወር ኮርስ ነው፤ አሁን ሁለተኛው ወር ላይ ነኝ። መጀመሪያ ላይ በጣም እወደው ነበር። አሁን ግን ሞራሌ ወድቋል። የምሠራው አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ጥፍር) በሦስት በአራት ቀን ይነሳል። አስተማሪዬ ሰው ፊት ትቆጣኛለች። ቤት ስገባ ራሴን ያመኛል። እናቴ ‹ጥፍር መቀባት ደግሞ ሙያ ሆነ?› ትለኛለች። የሰፈራችን ሴቶች አብዛኞቹ ስለሚሰግዱ ቀለም አይቀቡም፤ ታዲያ ማንን ልሠራ ነው? ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረሁ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ብቀጥልስ ፍላጎቴን ከየት ላምጣው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ቀን መቅረትሽ ብዙም አላስጨነቀኝም። ዓይኔን የያዘው «በሦስት በአራት ቀን ይነሳል» ያልሽው ነው። በስንተኛው ቀን እንደሚነሳ የምታውቅ ልጅ ሥራዋን ተከታትላለች ማለት ነው። ግድ የሌላት ሰው ሠርታ ከሸኘች በኋላ አትቆጥርም። ስለዚህ ፍላጎትሽ ጠፍቷል ብዬ አላምንም። ደክሞሻል፤ አፍረሻል፤ ምናልባትም ታመሻል። እነዚህን አንድ በአንድ እንያቸው።

አስቀድሜ ስለ ፈተናው ልናገር፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ እንደ እሾህ የሚወጋው እሱ መሰለኝ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ100 ልጆች ከ94 በላይ የሚሆኑት ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረባቸው ማለት ነው። የክፍል ጓደኞችሽ በጅማ ዩኒቨርሲቲ በር ሲገቡ ባየሽ ቁጥር ብቻሽን የቀረሽ አይምሰልሽ። የጥፍር ሥራውንም ለውጤትሽ እንደተሰጠ ቅጣት አትይው። አንቺ ራስሽ መርጠሽ የገባሽበት ነው፤ «በጣም እወደው ነበር» ብለሻል።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ስታገባ እዚሁ ጅማ ጥፍሬን አሠራሁ። በሦስተኛው ቀን የቀኝ አውራ ጣቴ አክሪሊክ ከሥሩ ተነሳ። ተናድጄ ሄድኩ። የሠራችልኝ ልጅ ካንቺ ብዙም አትበልጥም። አልተከራከረችኝም። ጣቴን ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላብጣ አየችው። «እትዬ፣ ያን ቀን ልብስ አጥበው ነበር እንዴ የመጡት?» አለችኝ። አጥቤ ነበር። ከዚያ ከመሳቢያ ውስጥ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣች። «ቀኝ አውራ ጣት፣ 3ኛ ቀን፣ ውኃ የነካው ጥፍር፣ ቆዳም ነክቻለሁ» ብላ ጻፈች። በጨረፍታ አየሁት፤ ገጹ ሙሉ እንዲህ ነው፤ ጣት፣ ቀን፣ ምክንያት። መጀመሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች 2፣ 3፣ 3፣ 5 ነበሩ። ወደ ኋላ ያሉት 14፣ 16፣ 15። ያቺ ልጅ ሞራሏን የት እንደምታገኝ የዚያን ቀን ገባኝ።

አንቺም እንዲህ ያለ ደብተር ያዢ። ስልክሽ ላይ የምታያቸው ቪዲዮዎች የሚያሳዩሽ ገና ተሠርቶ ያለቀ፣ የሚያብረቀርቅ ጥፍር ነው። ከ10 ቀን በኋላ ምን እንደሆነ ማንም አያሳይሽም። ራስሽን ከዚያ ቪዲዮ ጋር ስታስተያዪ ሁልጊዜ ታንሻለሽ። «ስንት ቀን ቆየ?» ብለሽ ስትለኪ ግን የዛሬዋን አንቺ ከባለፈው ሳምንቷ አንቺ ጋር ነው የምታወዳድሪው። ከ4 ወደ 6 ከሄድሽ ተሻሽለሻል። ይህን አስተማሪሽም እናትሽም ሊክዱሽ አይችሉም።

ታዲያ ለምን ይነሳል? አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከአክሪሊኩ በፊት ነው። ጥፍር ውኃ ይጠጣል። ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ላዩ ላይ የደረቀው አክሪሊክ ግን አብሮት አይመለስም፤ ስለዚህ ይላቀቃል። እጅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ወዲያው አክሪሊክ የምትሠሪ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ተዪው። ሁለተኛው በጥፍሩ ላይ የተለጠፈው ስስ የሞተ ቆዳ ነው። ዓይን በቀላሉ አያየውም፤ በደንብ ካልተገፋና ካልተጠረገ ግን አክሪሊኩ የሚይዘው ቆዳውን እንጂ ጥፍሩን አይደለም። ሦስተኛው ሥሩ ላይ ማወፈርና ቆዳ ማስነካት። እዚያ ጋ እንደ ወረቀት ስስ መሆን አለበት። ሌላም አለ። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ጅማ ይቀዘቅዛል፤ በብርድ አክሪሊክ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ከሰዓት በኋላ በምትለምጂው የሊኩዊድ (ከአክሪሊኩ ዱቄት ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) መጠን ጠዋት ከሠራሽ ብሩሹ ላይ ያለችው የአክሪሊክ ኳስ ትፈስና ወደ ቆዳ ትሄዳለች። ብሩሹን ጠረግ አድርገሽ ደረቅ ያለች ኳስ አንሺ። ጥፍሩ ላይ ስታስቀምጫት ወዲያው ከተንጣለለች ሊኩዊድ በዝቶባታል፤ ክብ ሆና ቆይታ ቀስ ብላ ከተኛች ልክ ነች።

ዕቃው ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልምምዱንም የሚያሳጥረው እሱ ነው። አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለ። ጥፍር ረዥም ቀን እንዲቆይ የሚያደርገው የዝግጅት ሥራ ዕቃ አይበላም። ቆዳ መግፋት፣ መጥረግ፣ ቁጥሩ 180 በሆነ ሞረድ አብረቅራቂውን ብቻ ቀስ ብሎ ማንሳት፣ አቧራውን ማራገፍ። ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት 20 ደቂቃ ይህንኑ ብቻ ሥሪ። አክሪሊክ አትክፈቺ። የራስሽን ግራ እጅ፣ የእህትሽን፣ የጎረቤትሽን እጅ ተጠቀሚ። አንድ ሰው ላይ ግን በየቀኑ አትሞርጂ፤ ጥፍሩ ይሳሳል። የጣት ጥፍር በወር የሚያድገው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የተበላሸ ጥፍር ሙሉ ለሙሉ እስኪተካ ግማሽ ዓመት ያህል ይወስዳል። ጠዋት ሞራል ካጣሽ ሞራሉን አትጠብቂው። አንድ ጣት ብቻ ብለሽ ተቀመጪ። እጅ ሲፍታታ ልብ ይከተላል፤ እኔ ይህን በብዙ ልጆች አይቼዋለሁ።

ራስ ምታትሽን ግን በቀላሉ አላልፈውም። ብዙ ልጅ «ፍላጎቴ ጠፋ» ስትል ሰውነቷ ነው እምቢ ያለው። የሊኩዊዱና የአሴቶኑ (የማስለቀቂያው) ሽታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። መስኮት አጠገብ ተቀመጪ። የሊኩዊዷን ዕቃ ሁልጊዜ ክደኚ። የነካሽበትን ጥጥ ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ጣዪ። ስትሞርጂ ማስክ አድርጊ፤ ማስኩ አቧራውን ይቀንስልሻል እንጂ ሽታውን አያቆምም፤ ስለዚህ አየሩ መንቀሳቀስ አለበት። ምሳም ሳትበይ አትዋዪ። ጣቶችሽ አካባቢ ማሳከክ፣ መቅላት ወይም መላጥ ካየሽ ደግሞ ያልደረቀ ጄል ወይም አክሪሊክ ቆዳሽን እየነካው ሊሆን ይችላል። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ አይለቅም። ጓንት አድርጊ፤ ካልተሻለሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ከየትኛውም ኮርስ ጤናሽ ይበልጣል።

አስተማሪሽ ሰው ፊት መቆጣቷ ልክ አይደለም። እኔ ብሆን ብቻዋን ሳገኛት እንዲህ እላታለሁ፦ «ስሳሳት ንገሪኝ፤ ግን ደንበኛ ስትወጣ ቢሆንልኝ እጄ አይንቀጠቀጥም።» ስትነግሪያት ደብተሩን አሳዪያት። ቀን በቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያት፦ «ይህ ጥፍር በ4ኛው ቀን ተነሳ፣ የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?» በዚህ መንገድ የጠየቀቻትን ተማሪ ጨርሶ የምትገፋ አስተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም። እግረ መንገድሽንም ስልጠናው ለብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ ለምንለው፣ ያዘጋጅሽ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂ፤ ስትጨርሺ ከመደንገጥ ይሻላል።

«ማንን ልሠራ ነው?» ያልሽው የደብዳቤሽ ምርጥ ጥያቄ ነው። ገበያሽን ማሰብ ጀምረሻል። የምትሰግድ ሴት ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት) ውኃ ጥፍሯን መንካት ስላለበት ቀለም አትቀባም። እውነት ነው፤ ሰበብ አትፈልጊለት፣ ለማግባባትም አትሞክሪ። ግን ቀለም የጥፍር ሥራ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ንጹሕ ማኒኪዩር፣ ቅርጽ ማውጣት፣ ያለ ቀለም ማብረቅረቅ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ማለስለስ፣ ይህ ሁሉ ከውዱእ ጋር አይጋጭም። ሂና ደግሞ ቆዳና ጥፍር ላይ ቀለሙን ብቻ ይተዋል፤ ከላይ የሚሸፍን ነገር የለውም። የሂና አሠራር ብትጨምሪበት ለኢድና ለሠርግ የጅማ ሴት ትፈልግሻለች። ቶሎ ይጠቁራል የሚባለውን ጥቁር ሂና ግን አትንኪው፤ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የሚገባበት አለ፤ ቆዳ ያቃጥላል። ለሙሽራም ለአንድ ቀን ለብሳ የምታወልቀው ተለጣፊ ጥፍር በልኳ ሞርደሽ ማዘጋጀት ትችያለሽ። ደንበኛሽ ስትገባ በአፋን ኦሮሞ «አካም ጅርቱ» (እንዴት ነዎት) ብለሽ ተቀበያት። በቋንቋዋ የተቀበሏት ሴት እጇን ዘና አድርጋ ነው የምትሰጥሽ፤ ዘና ያለ እጅ ደግሞ ለመሥራት ይቀላል።

እናትሽን በክርክር አታሸንፊያትም። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አቅርቢና እግሯን እጠቢላት። ተረከዟን አለስልሺ፣ ጥፍሯን ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፣ ጎንና ጎኑን ጠልቀሽ አትቁረጪው፤ ወደ ሥጋ እንዳይገባ ነው። ቅባት ቀቢያት። ስለ ሙያ አንድም ቃል አትናገሪ።

ልተወው ወይ ላልሽው፣ አሁን አይደለም። በደከመሽ ሳምንት አትወስኚ። የቡናው ገንዘብ ከተማ ውስጥ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የገና በዓል ሲያልፍ ደግሞ የጥር ሠርግ ይመጣል። ጥርን ሳታይ የጥፍር ሥራን አላየሽውም። እስከዚያ ግን ድሪልም (የኤሌክትሪክ መሞረጃ) ሆነ ትልቅ ላምፕ (የጄል ማድረቂያ መብራት) በብድር አትግዢ፤ አዲስ ዕቃ ለሁለት ቀን ደስ ያሰኛል፣ ዕዳው ግን ይቆያል። መብራት ስለሚጠፋ በኋላ ስትገዢ ቻርጅ የሚደረገውን ምረጪ። ጥር አልፎም ልብሽ ካልመጣ ወደ ፀጉር ወይም ወደ ሂና መዞር ትችያለሽ። ንጽሕናው፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገሩ፣ ደብተር መያዙ አብሮሽ ይሄዳል።

ነገ ጠዋት ስልጠናሽ ጋ ሂጂ። ደብተር ግዢ፤ የሠራሻቸውን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዎች ደውለሽ «በስንተኛው ቀን ተነሳ? የትኛው ጣት?» ብለሽ ጠይቂና የመጀመሪያውን ገጽ ሙሊ። ከዚያ ለአንድ ሰው በሙሉ ዝግጅት ሥሪና በ14ኛው ቀን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ተነስቶ ከሆነም ላኪልኝ፤ የቱ ጋ እንደሆነ አብረን እናያለን።