መልስ፦ የአረጋውያን የአእምሮ ሕክምና ከመቼ ጀምሮ ነው?
ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያሉት እናትህ ምግብ መተዋቸውንና ዝምታ ማብዛታቸውን ጠቅሰህ፣ ለአረጋውያን የተለየ የአእምሮ ሕክምና መቼ እንደተጀመረ ጠይቀሃል። ጎረቤት «እርጅና ነው» ብሎ ማለፉ በጣም አሳዝኖኛል፤ ብዙ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ የሚያስቡት እንዲሁ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የአእምሮ ሐኪሙ ማርቲን ሮት የሆስፒታል አረጋውያንን መዝገብ መርምሮ፣ በድብርት የገቡት አብዛኞቹ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ የመርሳት በሽታ የጸናባቸው ግን አብዛኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሞቱ አሳየ። በሽታው አንድ አልነበረም ማለት ነው! ያም ሆኖ ብሪታንያ የአረጋውያን የአእምሮ ሕክምናን እንደ ራሱን የቻለ ዘርፍ በይፋ የተቀበለችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው።

እናትህን ሳትዘገይ ለሐኪም አሳይ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘህ ሂድ። ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በድሬዳዋ ሙቀት የውሃ ጥም ብቻውን አረጋዊን ሊያደናግር ይችላል።