«ቀመር»፣ «ስልተ ቀመር» ወይስ «አልጎሪዝም»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ አስተምራለሁ። ለጀማሪዎች በአማርኛ የማስተማሪያ ጽሑፍ ላዘጋጅ ብነሣ ገና ርእሱ ላይ ተደናቀፍሁ። አንዱ ባልደረባዬ «ቀመር ካልህ ይበቃል» ይለኛል፤ ሌላው «ስልተ ቀመር» ይላል፤ ተማሪዎቼ ደግሞ ከ«አልጎሪዝም» ሌላ አያውቁም። የትኛውን ልያዝ? ብዙ ቁጥሩስ እንዴት ይባላል? «ኮምፕሌክሲቲ» የሚለውን «ውስብስብነት» ብዬ ብተረጉመውስ ያስኬዳል?

መልስ፦ «ቀመር» ብቻውን አይበቃም። ከሦስቱ አንዱን ጣል ቢሉኝ የምጥለው እሱን ነው። ምክንያቱን ሊቃውንቶቻችን ለዘመናት ሲያስተምሩት በኖሩት በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን በምናወጣበት የዘመን አቆጣጠር ትምህርት ላሳይዎ።

የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደሚውል እናውጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው 5500 ዓመተ ኩነኔ ላይ 2017 ሲደመር ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ) 12 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ስንተው የቀረው 11 «ወንበር» ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዝተን 209 እናገኛለን፤ በ30 ስንገድፈው 29 ይቀራል፤ መጥቅዕ ማለት ይህ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቃለን፤ መጥቅዑ ከ14 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ (ቀኑ በመጥቅዑ ቁጥር የሚታወቀው በዓል) በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። (14 ራሱ ቢወጣስ የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ከ19ኙ ወንበሮች አንዱም 14ን አያስገኝም።) የእኛው 29 ስለሆነ መስከረም 29 ነው፤ ዕለቱም ረቡዕ ነበር። የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበለት ተጨማሪ ቁጥር፣ 4 ነው፤ 29 ላይ 4 ሲጨመር 33። ከ30 ስላለፈ ሠላሳውን እንገድፍና መባጃ ሐመሩ (የጾመ ነነዌን መግቢያ ቀን የሚሰጠው ቁጥር) 3 ይሆናል፤ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ትጠበቃለችና ወሩም ከጥር ወደ የካቲት ይሻገራል። ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባች ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ስንጨምር ሚያዝያ 12 ላይ እናርፋለን። በዚያ ዓመት ፋሲካን ያከበርነውም በዚሁ ዕለት ነው።

«ወንበሩን በ19 አባዝተህ በ30 ግደፍ» የሚለው አንድ መስመር ቀመር ነው፤ ቁጥር ሲሰጡት ቁጥር ይመልሳል። ከ7517 ተነሥቶ ሚያዝያ 12 እስኪደርስ ያለው ጉዞ ግን ከቀመር ይሰፋል። ብዙ ቀመሮችን በተራ ያሰለፈ ነው፤ «እንዲህ ከሆነ በዚህ፣ ካልሆነ በዚያ» የሚል መንታ መንገድ አለው፤ ማብቂያም አለው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የታላቁ ሥራው የመጀመሪያ ቅጽ አልጎሪዝምን በአምስት ጠባያት ይለየዋል፤ የሚያልቅ መሆኑ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ጥርት ያለ መሆኑ፣ የሚቀበለው ነገር፣ የሚያወጣው ውጤት፣ እንዲሁም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው መቻሉ። ባሕረ ሐሳብን በእነዚህ ቢመዝኑት አምስቱንም ያሟላል። በዚያው ቅጽ የምዕራባውያኑ የፋሲካ አወጣጥ ለአንባቢ በመልመጃነት ቀርቧል።

«ቀመር» ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት። በባሕረ ሐሳብ የዘመን ዑደት ስም ነው፤ ንኡስ ቀመር 19 ዓመት፣ ማዕከላዊ ቀመር 76፣ ዐቢይ ቀመር 532። ክፍል ውስጥ ይህን ቢያነሡት ለዩክሊድ ጥሩ መግቢያ ይሆንልዎታል። ትልቁን የጋራ አካፋይ የምናገኝበት የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የዩክሊድ ስልት ከጥንታውያኑ ሁሉ የታወቀው ነው። 28ን ለ19 ሲያካፍሉ 9 ይተርፋል፤ 19ን ለ9 ሲያካፍሉ 1 ይተርፋል፤ 9ን ለ1 ሲያካፍሉ ምንም አይተርፍም። እንግዲህ የ28 ዓመቱ የፀሐይ ዑደትና የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። እኩል ተነሥተው እንደገና የሚገናኙት 28 በ19 ተባዝቶ፣ በ532ኛው ዓመት ነው።

«የስሌት ዘዴ» የሚሉም አሉ፤ ይህ ይጠብባል። የተማሪዎችን ስም በሀ ሁ ተራ መደርደር አልጎሪዝም ይፈልጋል፤ ስሌት ግን የለበትም።

ስለዚህ ለመጽሐፍ «ስልተ ቀመር» ይያዙ። አገነባቡ የታወቀ ነው፤ በአብዮቱ ዘመን «ስልተ ምርት» በተባለበት መንገድ የተናበበ ነው። ባለቤቱ ስልቱ ስለሆነ ከፊት ይቀድማል፤ አንዳንድ ተማሪ የሚጽፈው «ቀመረ ስልት» ነገሩን ይገለብጠዋል። ብዙ ቁጥሩን «ስልተ ቀመሮች» ይበሉ። «መዝገበ ቃላቶች» እንደምንለው መጨረሻው ላይ «ኦች» ቢጨመር ለጆሮ አይጎረብጥም፤ በግእዝ ደንብ ላርባ ብሎ ተማሪን ማስጨነቅ አያሻም። ግሱም ይለይ፤ ስልተ ቀመር ይነደፋል፣ ፕሮግራም ይጻፋል።

«አልጎሪዝም»ንም አይጣሉት፤ መጀመሪያ በጠቀሱበት ቦታ ከ«ስልተ ቀመር» ጎን ያስቀምጡት። ቃሉ የሰው ስም ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ የሠራው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኸዋሪዝሚ ስለ ሕንድ ቁጥሮች የጻፈው መጽሐፍ በ12ኛው መቶ ዘመን ወደ ላቲን ሲመለስ ስሙ «አልጎሪዝሚ» ተባለ። ኋላ ቁጥር ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል «አሪትሞስ» ጋር ተደባለቀና በእንግሊዝኛ «ዝ»ው ወደ «th» ተለወጠ። እኛ የእንግሊዝኛውን ድምፅ በ«ዝ» ስንቀበለው ሳናስበው የሰውየውን ስም መለስንለት። «አልጎሪትም» እያሉ የሚያርሙ አርታዒዎች ይህን ቢያዩት እወዳለሁ።

አሁን ወደ «ውስብስብነት»። እባክዎ ይህን አይጠቀሙ፤ ተማሪውን ያሳስታል። ኮምፕሌክሲቲ የሚለካው ስልተ ቀመሩ ለመረዳት ማስቸገሩን ሳይሆን የሚፈጀውን ጊዜና ቦታ ነው። በተራ ከተደረደሩ 1000 ስሞች አንዱን ሲፈልጉ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ማየት ከሁሉ የቀለለው ዘዴ ነው፤ ቢበዛ ግን 1000 ጊዜ ያስኬዳል። መሐሉን አይቶ ግማሹን መጣል፣ ከቀረውም መሐሉን አይቶ ግማሹን መጣል፣ ለመጻፍ ከፊተኛው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የሚያስኬደው ግን ቢበዛ 10 ጊዜ ነው። በ«ውስብስብነት» ቢሄዱ ቀላሉን ዘዴ «እጅግ ውስብስብ» ሊሉት ነው። እኔ «ፍጆታ» እላለሁ፤ ጊዜ ሲሆን «የጊዜ ፍጆታ»፣ የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ሲሆን «የቦታ ፍጆታ»።