የጂአይ ቢል ዕዳ ደብዳቤ የደረሳችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግዬ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ለ8 ዓመት የቀድሞ ወታደሮችን ምዝገባ ለቪኤ (ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የማሳወቅ ሥራ ሠርቻለሁ። ከጂአይ ቢል፣ ማለትም መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች ከሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ፣ ትርፍ ተከፍሎሃል መልስ የተባለ ልጅ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ዛሬ እዚሁ እንነጋገር። ከሁሉ በፊት ፖስታውን ክፈቱ፣ ቀኑን እዩ።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ጋሼ፣ እናቴ ጎንደር አርፋ ኦክቶበር ላይ ሄድኩ። ሴሚስተሩን አቋረጥኩት። አሁን ከኦገስት ጀምሮ የወሰድሽውን የቤት አበል መልሺ አሉኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ዝም ብለሽ እንዳትከፍይ። ያለ በቂ ምክንያት ያቋረጠ ሰው ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ ይጠየቃል። ምክንያትሽን ከተቀበሉሽ ግን የሚፈልጉት ትምህርት ካቆምሽበት ቀን በኋላ የተከፈለውን ብቻ ነው። የሁለት ወር አበል ማለት ነው ልዩነቱ። የወላጅ ሞት፣ ሕመም፣ የልጅ ጠባቂ ማጣት ተቀባይነት አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ላቋረጠ ደግሞ እስከ 6 ክሬዲት ድረስ ምክንያት ሳይጠየቅ ይታለፋል። አንዴ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮሌጅሽ ሂጂና ለቪኤ የላኩትን የመጨረሻ ቀን በዓይንሽ እዪ። እኔ ራሴ 10ን 01 ብሎ የጻፈ ሰው ፋይል አርሜያለሁ። ቀኑ ሲታረም ዕዳውም አብሮ ወረደ። ከዚያ የሞት ማስረጃውን ከነትርጉሙና የአውሮፕላን ትኬትሽን ለቪኤ የትምህርት ክፍል ላኪ። ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ያለው የዕዳ ማዕከል ገንዘብ ሰብሳቢ ነው። ምክንያትሽን የሚመዝነው እሱ አይደለም።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እኔም ዕዳ አለብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ዕዳ? ስንት? ደብዳቤው መቼ ተጻፈ? እሱን ይዘህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ)፦ የትምህርት ክፍያውንስ እኔ ነኝ የምመልሰው?

መልስ፦ በ2021 የወጣው ሕግ ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ የተከፈለውን ከትምህርት ቤቱ ይጠይቃል። የቤት አበልና የመጽሐፍ ገንዘብ ዕዳ ያንተ ነው። ግን ትምህርት ቤቱ ዞሮ ሊያስከፍልህ ይችላል፣ እዚያም ሂሳብህን እይ።

አባል (ከአትላንታ)፦ ለምን ታቋርጣላችሁ? ኤፍ (የመውደቂያ ውጤት) ተቀበሉ፣ ዕዳ የለውም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ነርሲንግ ለሚያመለክት ልጅ ነው ኤፍ የምትመክረው?

የአትላንታው፦ እኔ እንደዛ ነው ያለፍኩት።

መልስ፦ ቆይ፣ ሰው ታሳስታለህ። እስከ መጨረሻ ተምሮ፣ ተፈትኖ የወደቀ አዎ፣ አይጠየቅም። መግባት ትቶ ኤፍ ያገኘ ግን መጨረሻ የታየበት ቀን ይላካል፣ ዕዳውም ይመጣል። በዚህ ይበቃናል።

ጥያቄ (ከሂዩስተን)፦ ስንት ቀን ነው ያለን?

መልስ፦ ለሁላችሁም ልድገመው። ከመጀመሪያው ደብዳቤ በ30 ቀን ውስጥ ጥያቄ ካስገባህ ውሳኔ እስኪሰጥ ከሚከፈልህ አይቆርጡም። ዝም ካልክ ከ120 ቀን በኋላ ዕዳው ወደ ትሬዠሪ (የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር) ይሄዳል፣ የታክስ ተመላሽህንም ይወስዱታል። ሁለቱን በር አትደባልቁ። "ሂሳቡ ልክ አይደለም" ካልክ መቃወሚያ ነው። "ልክ ነው፣ ግን አልችልም" ካልክ የምሕረት ጥያቄ ነው፣ ከፎርም 5655 ጋር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ። ገቢህንና ወጪህን በሐቅ ጻፍ። የሚያጭበረብር ምሕረት አያገኝም። ሁለቱንም ማስገባት ይቻላል። እንደየአቅሙ በወር መክፈልም አለ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ የጉዳት ካሳዬ ፐርሰንት እንዲጨመር...

መልስ፦ እሱ የኔ ሙያ አይደለም። ቪኤ የሚያውቃቸው ነጻ ተወካዮች አሉ፣ እነሱን ጠይቅ።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ አንዱ ደውሎ ዕዳህን በጊፍት ካርድ ክፈል አለኝ።

መልስ፦ ሌባ ነው። ዝጋው።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ጋሼ፣ ፖስታውን ከመኪናው ኪስ አውጥቼ አሁን ከፈትኩት። የቤት አበል ነው፣ 3,140 ዶላር። ከተጻፈ 22 ቀን ሆኖታል። በዚያ ሴሚስተር ክፍል ቀርቼ አላውቅም።

መልስ፦ እንግዲያው ያንተ መቃወሚያ ነው። 8 ቀን አለህ። ዛሬ ማታ የትምህርት ማስረጃህን አውርድ፣ ነገ ጠዋት ኮሌጅ ሂድ። የላኩትን ቀን በጽሑፍ ተቀበል፣ ከዚያ ደውልልኝ።